አማቴ፣ ክቡር አባ ዋት

በየቤተሰቡ አንድ የመብራት ሊቅ አለ። የሌለበት ቤተሰብ ካለ አድራሻውን ይላክልኝ፤ ነገውኑ ዕቃዬን ጠቅልዬ እገባለሁ። ይህ ሰው ኤሌክትሪሺያን እንዳይመስላችሁ። ኤሌክትሪሺያንማ መጥቶ፣ ሠርቶ፣ ይሄዳል። የመብራት ሊቅ ግን አይሄድም። አጎት ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ የእህት ባል ሊሆን ይችላል። የሚለየው ቤት ሲገባ ነው። ሌላው እንግዳ ሲገባ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል፤ እሱ ሶኬት ይዳስሳል።

ለእኔ የደረሱኝ ደግሞ አማቴ ናቸው።

እዚህ ላይ ግፉን ልብ በሉልኝ። ጎረቤት ቢሆኑ በሬን እዘጋለሁ። አጎት ቢሆኑ ስልካቸውን አላነሳም። አማትን ምን ይሉታል? አማት ላይ አይጮህም፣ አማት ላይ በር አይወረወርም። ያለው መላ «እሺ አባባ» ብሎ መዋጥ ብቻ ነው። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ የዋጥኩት «እሺ አባባ» ቢጠራቀም ጎተራ ይሞላ ነበር። በልቤ ግን ስም አውጥቼላቸዋለሁ፤ ክቡር አባ ዋት።

ክቡርነታቸው ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ጂኦግራፊ ነው። ወንዝና ተራራ። መብራት የያዛቸው በትርፍ ጊዜያቸው ነበር፤ ጡረታ ሲወጡ ትርፍ ያልሆነ ጊዜ ስላልቀረ በእኛ ላይ ተዘረገፈ። ትምህርታቸው አጭር ነው። «ቮልት ገፊው ነው፣ አምፒር የሚሄደው ነው፣ ኦም የሽቦው እምቢታ ነው፣ ዋት ደግሞ የተሠራው ሥራ። ቮልትን በአምፒር ብታባዛ ዋት፤ ቮልትን ለአምፒር ብታካፍል ኦም። ከዚህ ውጭ ያለው ወሬ ነው» ይላሉ። ሰው አፉን ሊከፍት ሲል ደግሞ ጣታቸውን ያነሳሉ። «ወሬውን ተወውና አስላ!»

መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን፣ ማለትም የዛሬዋ ባለቤቴ «አባዬ ሊያይህ ይፈልጋል» ብላ ቤታቸው ያስገባችኝ ቀን፣ ጸጉሬን ተቆርጬ፣ የወንድሜን ኮት ተውሼ ነበር የሄድኩት። ስለ ሥራዬ፣ ስለ ወላጆቼ፣ ስለ ዓላማዬ ቢጠይቁኝ የምመልሰውን ሁሉ ሸምድጃለሁ። አንዱንም አልጠየቁኝም። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣

«የተከራየህበት ቤት ስንት አምፒር ይችላል?» አሉኝ።

«ደህና ይችላል፣ አባባ» አልኩ።

«ደህና!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ደህና የሚባል ቁጥር አለ እንዴ?»

ያም ሆኖ ልጃቸውን ዳሩልኝ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ደግሞ «ይሄ ቤት ለብቻዬ ሰፋኝ» ብለው ቤታቸውን ለእኛ ለቀቁና፣ እሳቸው ሁለት መንገድ አለፍ ብላ የምትኖረው ትንሿ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ደግነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ቤቱን ለቀቁ እንጂ ሽቦውን አልለቀቁም። ከቆጣሪው እስከ መጨረሻዋ አምፖል ድረስ የዘረጉት በገዛ እጃቸው ነው። ኤሌክትሪሺያን አስገብተው አያውቁም። «ኤሌክትሪሺያን ይገምታል፤ እኔ አሰላለሁ» ነው መልሳቸው። ስለዚህ በየቀኑ ይመጣሉ፤ የእጃቸውን ጀርባ እየመለሱ ሶኬቱን ሁሉ፣ ትኩሳት እንዳለው ሕፃን ግንባር፣ ይዳስሱታል። እኛን ሰላም የሚሉን ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዳ ማስተናገድ ቀርቶብናል። አንድ ቀን የባለቤቴ ጓደኛ መጣችና ሻይ ልናፈላ የውሃ ማፍያውን ሰካን። ካውያው ደግሞ እዚያው ዲቫይደር ላይ ተሰክቶ ነበር። ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ካውያው ሺህ ሁለት መቶ ዋት፣ ማፍያው ሁለት ሺህ። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ! ለሁለት መቶ ሃያ አካፍዪው!» አሏት እንግዳዋን።

«አባባ፣ እኔ ሻዩ ቢቀርብኝስ?» አለች ምስኪን።

«አሥራ አራት ተኩል አምፒር ነው! አሥር በምትችል ዲቫይደር!»

ሴትዮዋ ውሃ ጠጥታ ሄደች። ቀዝቃዛ ውሃ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴን የምታገኛት ውጭ ነው።

መሥሪያ ቤቴም ከሳቸው አልዳነም። ቁልፍ ረስቼ ሊያቀብሉኝ የመጡ ጊዜ፣ በዚያ ብርድ፣ የአለቃዬን ማሞቂያ ነቅለው ሄዱ። ስብሰባ ልንገባ ስንል አለቃዬ እጁን እያሻሸ «ማነው የነቀለው?» ቢል ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ዛሬም «አማትህ ደህና ናቸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

የጥርስ ሐኪሙን ነገር ደግሞ ብተወው ይሻል ነበር፤ ግን አንጀቴ አልችል አለ። እኔው ነኝ የወሰድኳቸው። አፋቸውን ከፍተው፣ ጥጥ ተጎስጉሶባቸው፣ ሐኪሙ መሰርሰሪያውን ሲያስነሳ አንድ ነገር አጉተመተሙ።

«ምን አሉ?» አለኝ ሐኪሙ።

ያሉት ገብቶኛል። እንዴት አይገባኝም! ግን እንደ ሰው መዋል አማረኝና «አመመኝ ነው የሚሉት» አልኩ። ጥጡን ከአፋቸው መዥረጥ አደረጉት።

«አላመመኝም! ይሄ መሰርሰሪያ ስንት አምፒር ይስባል ነው ያልኩት!»

ሐኪሙ ዕቃውን ገልብጦ አነበበላቸው። ግማሽ አምፒር። «በሁለት መቶ ሃያ ቮልት ሲባዛ መቶ አሥር ዋት» አሉ ጣራ ጣራውን እያዩ። «ከአንድ ትልቅ አምፖል በላይ፣ አንድ ጥርስ ውስጥ። በል ቀጥል።» ጥጡን ራሳቸው መልሰው ጎረሱት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሚያናድደኝ ማስላታቸው አይደለም። መልሱ ልክ መሆኑ ነው። ቢሳሳቱ ኖሮ እኮ «ሽማግሌ ናቸው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ስንት ዓመት አንዲት ስሕተት ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ብትገኝ የምተርትባቸውን ተረት ሳይቀር አዘጋጅቼ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ አስቀምጬ ነበር፤ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የምትለዋን።

አሁን ወደ ኦቨኑ ልምጣ።

ባለቤቴ ዳቦ ጋጋሪ ናት። ለብዙ ዓመታት በሰው ዳቦ ቤት የሰው ሊጥ ስታቦካ ኖራለች። የራሷ ዳቦ ቤት ግን ሕልሟ ነበር፤ ተኝታም ነቅታም የምታልመው። በቅርቡ አንድ ሆቴል ሲዘጋ ትልቅ የኤሌክትሪክ ኦቨን አገኘችና፣ ወደ መንገድ የሚያየውን ክፍላችንን ዳቦ ቤት ልታደርገው ቆረጠች። ደንበኛም ገና ሳትከፍት መጣላት። ከመንገዱ ማዶ የሥልጠና ማዕከል አለ፤ የወጥ ቤት ኃላፊዋ «ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ እቀምሰዋለሁ። ከወደድኩት የሠልጣኞቹን የየቀኑን ዳቦ አንቺ ታቀርቢያለሽ፤ ካልወደድኩት ሌላ ቤት አለኝ» አለቻት። ያቺ አንዲት ደንበኛ ብቻ ዳቦ ቤቱን በእግሩ ልታቆመው ትችል ነበር።

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? ክቡርነታቸው ዘመድ ሊጠይቁ ከከተማ የወጡበትን ሳምንት ጠበቅኩና የሰፈራችንን ኤሌክትሪሺያን አስገባሁ። አዎ፣ ጠብቄ ነው። በገዛ ቤቴ አንድ ሶኬት ሳይዳሰስ፣ ሳይሰላ፣ ሳልወቀስ ማስገባት መብቴ አይደለም እንዴ? ኤሌክትሪሺያኑ ከነባሩ የቤቱ ሽቦ ላይ ቀጠለና አንድ ወፍራም ሶኬት ገጠመልን። «ይሄ ሽቦ እንኳን ኦቨን ፋብሪካ ይሸከማል» አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የምወደው።

ዳቦው ግን ነጭ ሆኖ ወጣ። ነጭ፣ ገርጣ ያለ፣ ታሞ የተነሳ ሰው የመሰለ ዳቦ። ባለቤቴ እርሾውን ቀየረች። ዱቄቱን ቀየረች። ኦቨኑ ውስጥ አቆየችው፤ ደረቀ እንጂ አልቀላም። ኤሌክትሪሺያኑ «የዱቄቱ ጥፋት ነው» አለ። እኔ «የኦቨኑ ጥፋት ነው» አልኩ። ባለቤቴ ግን መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«እጄ ነው የከዳኝ» አለች። «የሰው ቤት ሲሆን ያምርልኛል፣ የራሴ ሲሆን ከዳኝ።»

ልቤ ስብር አለ። ያቺ ሴት ያን ያህል ዘመን ሌላ ሰው ስታበላ ኖራ፣ የራሷ ቀን ሲመጣ እጇን ስትጠረጥር ማየት ያማል።

ክቡርነታቸው ሐሙስ ተመለሱ። አዲሱን ሶኬት አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ስንት አምፒር ነው ብለው አልጠየቁኝም። ይህ ራሱ ያስፈራል። ከዚያ አንዱን ገርጣ ዳቦ አንስተው ለሁለት ገመሱት፣ ሆዱን አዩት፣ አሸተቱት።

«ዱቄቱ ደህና ነው» አሉ ለልጃቸው። «እጅሽም ደህና ነው። ኦቨኑ ርቦታል።»

ቴስተራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። ኦቨኑ ሳይበራ ሶኬቱን ለኩት፤ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት። ኦቨኑን አስበርተው ለኩት፤ ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ወርዶ መቶ ዘጠና ስድስት ላይ ቆመ። አፉን ከፍቶ ሽቦ የሚያቅፍ ሌላ መለኪያ ደግሞ አንደኛው ሽቦ ላይ አደረጉ፤ አሥራ ስድስት አምፒር።

«ሃያ አራቱ ቮልት የት ገባ?» አሉኝ።

«የሰፈሩ መብራት ደካማ ይሆናላ፣ አባባ።»

ቆጣሪው ዘንድ ሄደው ኦቨኑ እንደበራ ለኩና ተመለሱ። «እዚያ ሁለት መቶ ሃያ ነው። የጠፋው በቆጣሪውና በሶኬቱ መሃል ነው፣ እዚሁ ቤት ውስጥ። ወሬውን ተወውና አስላ! ሃያ አራት ለአሥራ ስድስት።»

«አንድ ተኩል።»

«አንድ ተኩል ምን?»

«ኦም።»

«እምቢታ ማለት ነው። እዚህ ቤት ውስጥ አንድ የሚያምጽ አለ» አሉ። እኔን መስሎኝ ነበር። «አሁን ደግሞ አባዛ። ሃያ አራት በአሥራ ስድስት።»

«ሦስት መቶ ሰማንያ አራት።»

«ዋት!» አሉ፤ ድምፃቸው ተቀየረ። «ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ዋት ዳቦው ላይ አልደረሰም። ታዲያ የት ነው ያለው? የሆነ ቦታ እየጋለ ነው። እዚሁ ቤት ውስጥ፣ የሆነ ቦታ!»

እሳቸው የእጃቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ አድርገው ከሶኬቱ ወደ ቆጣሪው አቅጣጫ ቀስ እያሉ ሄዱ። ትልቁ ቁም ሳጥን ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ባለቤቴ የዱቄት ጆንያዋንና የዳቦ መጠቅለያ ወረቀቷን የከመረችው እዚያ ነው። «አጥፉ!» ብለው ጮሁ። ዋናውን ማብሪያ ዘጋሁት። ጆንያውን አንስተን ቁም ሳጥኑን ስንጎትተው፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ ቀለሙ ጠቁሮ ተልጧል። ባለቤቴ ከወረቀቶቿ አንዱን አነሳች፤ ጫፉ እንደ ዳቦ ቅርፊት ቀልቷል።

ልክ በዚህ ጊዜ፣ ቀደም ብዬ የጠራሁት ኤሌክትሪሺያን ደረሰ። እኔ በሆዴ «ዛሬ ይሄ ልጅ አለቀለት» አልኩ። ክቡርነታቸው ካቻቢቴ ይዘው በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መሃል ባለችው ክፍተት ገቡ፤ እኔ ከኋላቸው ባትሪ አበራሁላቸው። የሽቦ መገናኛውን ሳጥን ክዳን ፈቱት።

በትከሻቸው ላይ አሻግሬ አየሁ። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ፕላስተሩ ቀልጧል። የፕላስተሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ነገ ለመፍታት እንዲያመች። ያን ጫፍ የሚያጥፍ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ቤታችን ውስጥ በፕላስተር የተጠቀለለ ነገር ሁሉ ጫፉ እንደዚያ ነው።

«ምን ተገኘ?» አለ ኤሌክትሪሺያኑ ከውጭ።

«አባዬ?» አለች ባለቤቴ።

ስንት ዓመት የጠበቅኳት ስሕተት እጄ ገባች! ያውም ምስክር ባለበት! ተረቷ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። የባትሪው ብርሃን አንገታቸው ላይ ነው፤ ካቻቢቴው ከእጃቸው ወድቆ አላነሱትም። ያ እጅ ዕቃ ሲጥል አይቼ አላውቅም። አፌን ከፈትኩና የወጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?

«አይጥ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሽቦውን አይጥ በልቶታል!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከገዛ አፌ ጋር ተኳርፈናል።

እሳቸው ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት ምስጋና እንዳይመስላችሁ። ቁጣ ነው።

«አይጥ ፕላስተር ይጠቀልላል እንዴ?» አሉኝ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሰው በሠራው አይጥ ሲመታ ግን ዛሬ ማየቴ ነው።»

ገፋ አድርገውኝ ወጡ። ትከሻቸው ላይ የሸረሪት ድር ነበር። ልጃቸው ፊት ቆሙና «የኔ ሥራ ነው» አሉ። «በእጄ ጠምዝዤ የተውኩት ነው። ያኔ ለሁለት አምፖል ነበር ያሰላሁት፤ ለአምፖል ምንም አይለውም። በኋላ ሌላው ሁሉ በላዩ ሲመጣ ከፍቼ አላየሁትም። የሰው ሶኬት ስዳስስ ኖሬ የራሴን አልዳሰስኩም። ቤትሽን ላቃጥልብሽ ነበር።»

እዩልኝ እንግዲህ፤ ተረቴንም ቀሙኝ። ራሳቸው በራሳቸው ላይ ተረቷት።

ቴስተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ወጡ። ሲወጡ በሩ አጠገብ ያለችውን ሶኬት እንኳ ቀና ብለው አላዩዋትም።

ኤሌክትሪሺያኑም አንገቱን ደፋ፤ ዋናውን ሽቦ ሳያይ ነበርና የቀጠለው። ዓርብ ሲሠራ ዋለ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከቆጣሪው እስከ ኦቨኑ ድረስ አዲስ ወፍራም ሽቦ ዘርግቶ ጨረሰ። «በሉ አብሩት» አለ። ባለቤቴ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«አባዬ ሳይለካው አላበራም።»

«ሴትዮ፣ ኃላፊዋ ከሰዓት ትመጣለች እኮ!» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ሊጡ ኩፍ ብሏል!»

«አውቃለሁ። በዚህ ቤት ኦቨን የሚበራው አባዬ ሲለካው ነው። እኔ ለኃላፊዋ ስል አባቴን ከነሐፍረቱ እዚያ አስቀምጬ አልጋግርም።»

አንጀቴ ቅጥል አለ። ለዓመታት እንዲተውኝ የለመንኩትን ሰው፣ በገዛ እግሬ ሄጄ «እባክዎ ይለኩ» ልበል? አልኩ እንግዲህ፤ ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ትንሿ ልጃቸው ናት። «እህል በቅጡ አልቀመሰም» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ክቡርነታቸው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንዲት ዲቫይደር ላይ ፍሪጁም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ካውያውም በአንድነት ተሰክተዋል፤ የካውያው ፕለግ ከፊሉ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። እሳቸው ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ያን ሳይ ደነገጥኩ። የምር ደነገጥኩ።

«አባባ፣ ሽቦው ተቀይሯል። መጥተው ይለኩልን።»

«ልጁ ሠርቶት የለ? ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ያውቃል» አሉኝ። ከሳቸው አፍ!

«ልጅዎ ያለ እርስዎ አላበራም ብላለች።»

«ንገራት። የኔን እጅ ሰው አይመን።»

ለመንኩ። ተቆጣሁ ማለት ይቻላል፤ በአማት ላይ የሚቻለውን ያህል። አልሆነም። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ሊጡ እየኮመጠጠ ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና በረጅሙ ተነፈስኩ።

«እሱስ ልክ ነዎት፤ ባይመጡም ይሆናል» አልኩ። «ኦቨኑ ላይ ስንት ዋት እንደሆነ የተጻፈው ጠፍቶ የለ? ሆቴሉ ዘንድ ይሠራ ለነበረው ሰውዬ ደውዬ ጠየቅኩት። በሁለት መቶ ሃያ ቮልት አሥራ ስምንት አምፒር ነው አለኝ። ቁጭ ብዬ ራሴ አሰላሁት።»

ዓይናቸው ከመንገዱ አልተነቃነቀም። ጆሯቸው ግን ተነቃነቀ፤ እምላለሁ።

«ስንት ወጣ?» አሉ።

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት ምን?»

«ዋት።»

የአንገታቸው ሥር ሲገተር አየሁት።

«ኦቨን?» አሉ ቀስ ብለው። «አሥራ ሁለት ዋት ኦቨን?»

«ቆጣቢ ነው መሰለኝ።»

«ቆጣቢ!» ብድግ አሉ። «አሥራ ሁለት ዋት እኮ እንቁላል አያሞቅም! አካፍለህ ነው! ያገኘኸው ኦሙን ነው፣ ኦሙን! ማባዛት ነው ያለብህ! ጫማዬ የት አለ? አንቺ ልጅ፣ ጫማዬን! እህትሽን ለማን እንደዳርኳት እይልኝ! ደግሞ ይሄን ካውያ ማነው እንዲህ አንጠልጥሎ የተወው?»

መንገዱን ሙሉ ሰው ባገኙ ቁጥር ያቆሙ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ለነበረው ልብስ ሰፊ «ይሄ አማቼ ኦቨን አሥራ ሁለት ዋት ነው ይላል!» አሉት። ለመድኃኒት ቤቷ ልጅ ነገሯት። ጫማ የሚጠግነውን ሰውዬ ቀና አድርገው ነገሩት። እኔ ከኋላ ከኋላ፣ ጥፋቱን እንዳመነ ሰው፣ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኩ። እርምጃቸው ፈጥኖብኝ ልደርስባቸው አልቻልኩም።

ኦቨኑን አስበርተው ለኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ቮልት፣ አሥራ ስምንት ሊሞላ ትንሽ የቀረው አምፒር። «ሦስት ቮልት ብቻ ነው የሚወርደው። ይሁን» አሉ። አዲሱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት። ባለቤቴ ሊጡ አጠገብ ቆማለች። ሲጨርሱ ወደ እሷ ዞረው «ጋግሪ፣ ልጄ» አሏት፤ እሷም ዱቄት በነካው እጇ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ዳቦው ቀይ ሆኖ ወጣ። የወጥ ቤት ኃላፊዋ መጣች፣ አንዱን ገልብጣ ሥሩን በጣቷ አንኳኳች፣ ቆርሳ ቀመሰች። «ከሰኞ ጀምሮ» አለች። ባለቤቴ ጭንቅላቷን በእሺታ ነቀነቀች። አባቷ ጥግ ላይ ቆመው ትኩሱን ዳቦ እየበሉ፣ ለኤሌክትሪሺያኑ ስለ እኔ ይነግሩት ነበር።

ይኸውላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አሥራ ሁለት ዋት» ነው የሚለኝ። ልብስ ሰፊው «አሥራ ሁለት ዋት፣ ሱሪህ አልቋል» ይለኛል። ኃላፊዋ ዳቦ ልትወስድ ስትመጣ «አሥራ ሁለት ዋት የለም?» ብላ ትጠይቃለች። ክቡርነታቸውም ማምሻውን እየመጡ፣ ሶኬቱን ሁሉ ከዳሰሱ በኋላ፣ እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው ማባዛት ያስተምሩኛል፤ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀስ እያሉ፣ ከበፊቱ በባሰ ትዕቢት። ያበሳጫል። ደሜ ይፈላል። «እሺ አባባ» እላለሁ።

የምጽፈውን ስለማያነቡ ለእናንተ ልናገር። ሁለት መቶ ሃያ ሲባዛ በአሥራ ስምንት ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ነው። ያን ቀን ከቤቴ ወጥቼ እሳቸው ዘንድ እስክደርስ መንገድ ላይ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ፤ ተሳስቼ ትክክለኛውን እንዳልናገር ፈርቼ። ብቻ አደራችሁን፣ ማንም ለሳቸው እንዳይነግርብኝ።